የቀይዋ ጭነት መኪና እንቢታ

ለተከበርከው ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ሱሬን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከርመሃል እላለሁ። ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም እያጎነበስክ ነው ሥራ የምትገባው? ባለቤትህ ሪታስ እንዴት ናት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን ጨረሰች? ትንሹስ ጥርሱ ተተካለት? እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። አባባ ባለፈው መጥተህ እንዳየሃቸው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ዛሬም አልታዘዝ እንዳላቸው ነው፣ አንደበታቸውም ይጎተታል፤ ምግባቸውን ግን ይበላሉ፣ ስድባቸውንም አልረሱም። ማሄንድራ ባሌ ደህና ነው። ግራጫዋ ላም ወልዳለች፣ ጥጃው ወይፈን ነው። ዝናብ ከጠፋ ስድስት ሳምንት ስለሆነው አቧራው ከሩዙም ከምስሩም ጋር አብሮን ይበላል።

ሰላምታዬ ይህን ያህል ከደረሰህ፣ ጋሼ፣ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ንዴት ከምለው መጸየፍ ብል ይቀርባል። በዚህ የሸንኮራ ወቅት ሰው ሁሉ እሬት እሬት ብሎኛል። መካኒኩ፣ የአጎታችን ልጅ ቪጃይ፣ አንተም ጭምር፤ ከሁላችሁ የባስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ከሚደርስህ ከእኔው እጅ ብታነበው ይሻላል።

ቀይዋ መኪና መታመም የጀመረችው ፋብሪካው ሸንኮራ መቀበል በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሾፌራችን ጋሽ ኢሊኬና እንደ ልማዳቸው በጠዋት ጭነው ሄደው ከሚዛኑ በፊት ባለው ሰልፍ ቆሙ። እዚያ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አስነስቶ መጠጋት መሆኑን ታውቃለህ። ተራቸው ሲደርስ ቁልፉን ቢያዞሩ ቀጭ አለችና ዝም። መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ጥሩምባው በሬ ያስደነብራል፣ ሞተሩ ግን ሬሳ ነው። ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ምን ዓይነት አፍ እንዳላቸው አትረሳም። አንዱ፣ «ጋሽ ኢሊኬና፣ አሮጊቷ ቁርሷን አልበላችም እንዴ፣ ሻይ ያጠጧት እንጂ» አላቸው። ሌላው፣ «ለእሷ ጡረታ ይስጧትና እርስዎ በሬዎን ይጥመዱ» አለ። መሳለቁ ሲበቃቸው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ቁልቁለቷን ገፍተው የሚዛኑ መወጣጫ ላይ አወጧት። እዚያ ቁልፉ እንደተነካ ተነሳች። ምንም እንዳልሆነች ሁሉ።

ከዚያ በኋላ እንዲሁ ሆነች። ሦስት ቀን ደህና ትሠራለች፣ በአራተኛው እንቢ ትላለች። ጠዋት ተነስታ ከሰዓት ትቆማለች። ለመቁረጥ ሲባል ቅጠሉ የተቃጠለ ሸንኮራ ደግሞ እንደ ማገዶ ተከምሮ አይጠብቅም፤ ቶሎ ካልደረሰ ጣፋጩ ይበላሻል፣ ፋብሪካውም ፊቱን ያዞርብሃል። ስለዚህ ከተማ ወዳለው መካኒክ፣ ወደ ጃግዲሽ ወሰድናት። ጋራዡ ስትደርስ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚጠፋበት ሰው አሳፈረችን። ጃግዲሽ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ አየና ምንም ሳይለካ «ባትሪ ነው» አለ። ሁለቱም ባትሪዎች ተቀየሩ። በአምስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ወርዳ ቆመች። «እንግዲያው ሞተሪኖው ነው፣ ሞተሩን ማዞር አቅቶታል» አለና እሱንም ቀየረ። አዲስ ነው ያለኝን ሞተሪኖ እቤት ስነካው ብርማ ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። አሮጌ ዕቃ ቀለም ቀብቶ አዲስ ብሎ የሚሸጥ ሰው እናቱንም በቀለም አሳምሮ ይሸጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ ግን የዚያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ የሆነው ነው። ጋሽ ኢሊኬና ባርኔጣቸውን አውልቀው በትሕትና፣ «ጃግዲሽ፣ መብራቱ ሳይደክም ባትሪው እንዴት ይሞታል? ኃይሉ የሆነ ቦታ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ከሥሯ ገብተህ እይልኝ» አሉት። እሱ መፍቻውን እያሽከረከረ፣ «ሽማግሌ፣ እርስዎ መሪዎን ይያዙ፣ እኔ መፍቻዬን ልያዝ» ብሎ ሳቀባቸው። እኔም ሳቅኩ፣ ጋሼ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአባባን መኪና በነዱ፣ አንተን ራስህን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መሪ ባስያዙህ ሰው ላይ፣ ቀለም ከሚቀባ ሌባ ጋር አብሬ ሳቅኩ።

ቪጃይ ትራክተሩን ከሸጠ ወዲህ ሥራ ፈቶ በረንዳችን ላይ እንደ ማይና ወፍ ሲንጫጫ ነው የሚውለው። አንድ ቀን የሮቲ ቂጣውን እየጠቀለለ፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር አላስተዋልሽም? ይቺ መኪና ሽማግሌው ሾፌር ቤት አድራ እንቢ ያለችበት ጠዋት አለ?» አለኝ። ነገሩን ሳሰላስለው እውነት ነው። ሥራ ሲያልቅ ላይኛው መንደር ወስደው ደጃቸው ያቆሟታል፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ አንድም ቀን አልቆመችም። እንቢ የምትለው እኛ ግቢ፣ ፋብሪካው ሰልፍ፣ ወንዙ ዳር ነው። ቪጃይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽቦ ይነቅላሉ። ሥራ ሲሰለቻቸው ይነቅላሉ፣ ወደ ቤታቸው መሄድ ሲያምራቸው ይሰካሉ» አለ። የሾፌሩ ወንበር እንዳማረው ዓይኑ ይናገር ነበር። እኔ ግን ዓይኑን ትቼ ምላሱን ሰማሁ።

ለአንተ ደወልኩ። ያልከውን አንተ ብትረሳው እኔ አልረሳሁትም። «ሰውየው ሸምግሏል፣ ሥራ ሰልችቶታል፣ አባርሪውና ቁልፉን ለቪጃይ ስጪው» አልከኝ፤ ወዲያው ስለ ራግቢው ውጤት ጠየቅኸኝ። የአንድ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻይ የሚፈላበትን ጊዜ እንኳ አልወሰደብህም።

ያባረርኩበትን ቀን ሳልደብቅ ልንገርህ። አባባ ምሳ በልተው የሚተኙበትን ሰዓት መረጥኩ። ለምን ያንን ሰዓት እንደመረጥኩ እኔም አንተም እናውቃለን። ጋሽ ኢሊኬና በረንዳው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቪጃይ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። «ጋሽ ኢሊኬና፣ እርስዎ ቤት የምትነሳው መኪና እኛ ቤት ስትደርስ ለምን እንቢ ትላለች?» አልኳቸው። እሳቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው» አሉ። የጠየቅኋቸው ከልቤ መስሏቸው ነበር። መልሱን አብረን እንድንፈልግ የጠራኋቸው መስሏቸው ነበር። ይሄኔ ቪጃይ፣ «ሽቦውን የት ጋ እንደሚነቅሉት ይንገሩንና እንገላገል» አለ።

ያን ጊዜ ገባቸው። እሱን አላዩትም፣ እኔን ነው ያዩኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው የራሳቸውን የቤት ቁልፍ ከቀለበቱ ለመለየት ይታገሉ ጀመር። ጣታቸው ወፍራም፣ ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፣ ማንም አላገዛቸውም። በመጨረሻ የመኪናዋን ቁልፍ ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው ተነሱ። «አባትሽ ሲነሱ ሰላም በይልኝ፣ ልጄ» ብለው ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። አባባ ነቅተው የሆነውን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እስከ ማግስቱ አልመለሱትም።

ቪጃይ መንዳት በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ጭነን ወደ ፋብሪካው ስንሄድ እኔም ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። የሸንኮራው ባቡር የሚያልፍበትን ሀዲድ ታውቀዋለህ፣ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ያቋርጠውና ማዶውን ዳገት ይወጣል። ቪጃይ እየፎከረ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ጠፋበት። የፊት ጎማዎቻችን ሀዲዱ መሃል፣ ጭነቱ ከኋላችን ቁልቁለቱ ላይ። ቁልፉን አዞረ፣ ቀጭ። ደግሞ አዞረ፣ ቀጭ። ከመታጠፊያው ወዲያ የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ። ቪጃይ በሩን ከፍቶ ዘለለ። «ውረጂ» የምትል ቃል እንኳ አልጣለልኝም፤ ሸንኮራው ውስጥ ሲገባ ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት።

መውረድ ነበረብኝ። ግን አባባ ዕድሜያቸውን የከፈሉባት ንብረት ናት፤ እግሬ እንቢ አለ። ወደ ሾፌሩ ወንበር ተንሸራትቼ ቁልፉን አራት ጊዜ አዞርኩ። የሚያግድ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ከነዳጅ መርገጫው ሥር እጄን ብሰድ ሽቦው እንደ ጋለ ብረት ፈጀኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የፍሬኑን ሲጥሲጥታ ነው። ባቡሩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ነጂው ሽበታም ሰው ነው፣ ወርዶ መጣና ሳይጮህ፣ «ሴትዮ፣ አሥራ አንድ ጋሪ ሸንኮራ ከኋላዬ አስከትዬ እንደ ብስክሌት አልቆምም። ዛሬ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስላገኘሁሽ ነው። ሾፌሩ የታለ?» አለኝ። ቪጃይ ከሸንኮራው ውስጥ አንገቱን አውጥቶ ያይ ነበር።

ከጎረቤት እርሻ ትራክተር መጥቶ ጎትቶ አሻገረን። ማዶ ዳገቱ ላይ፣ አፍንጫዋ ሽቅብ እንዳለ ቁልፉን ሞከርኩት። በመጀመሪያው ተነሳች። እዚያው መሪው ላይ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣብኝ። ጋሽ ኢሊኬና እዚህ የሉም፣ ሽቦ የነቀለ የለም። የሳቸው ደጅ ዳገት ነው፣ የሚያቆሟት ሽቅብ አዙረው ነው። የጃግዲሽ ጋራዥም መግቢያው ዳገት ነው። የፋብሪካው ሰልፍ ቁልቁለት፣ ወንዙ ዳር ቁልቁለት፣ የእኛም ግቢ ወደ እርሻው ያዘነበለ ነው። ከጋቢናው ወርጄ መንገድ ዳር አቧራው ላይ ቁጭ አልኩ። ቪጃይ፣ «ፀሐይ መታሽ መሰለኝ» አለኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ እስር የያንጎና ሥር፣ ያንን ተወቅጦ የሚጠጣውን፣ ገዝተን ከማሄንድራ ጋር ላይኛው መንደር ሄድን። ማሄንድራ እንደ አገሩ ተወላጆች የይቅርታ ሥርዓት ሥሩን ከፊታቸው አስቀምጦ ጥፋታችንን ተናገረ። እሱ ቃሉን ሲያሳምር እኔ አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ። ጋሽ ኢሊኬና ሥሩን ዳሰሱት፣ በሥርዓቱም እጃቸውን አጨብጭበው ተቀበሉ። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ፣ «አፍንጫዋ ወዴት ነበር?» ብለው ጠየቁ። «ቁልቁል» አልኩ። «የመርገጫው ሽቦስ ሞቆ ነበር?» የተላጠ ጣቴን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኃይሉ ከባትሪው ወጥቶ፣ ሞተሪኖውን አዙሮ፣ በወፍራም ገመድ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ያ ገመድ ሲበጠስበት በቀጭኑ ሽቦ ልመለስ ብሎ ይታገላል። የወንዝ ውሃ በላስቲክ ቱቦ ይመለሳል? ሽቦው ይግላል እንጂ ሞተር አያስነሳም» አሉ። ለጃግዲሽም ሲሉት የነበረው ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ መጥተው ግቢያችን ውስጥ ቁልቁል አስቆሟት። እኔ ቁልፉ ላይ፣ እሳቸው ከሥር። አዞርኩ፣ ቀጭ። ባትሪ የሚያበዳድሩበትን ወፍራም ገመድ አንዱን ጫፍ ሻንሲው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ነክሰው «አሁን» አሉኝ፤ ጓ ብላ ተነሳች። አስጠፍተው ገመዱን አነሱት፣ ቀጭ። መለሱት፣ ተነሳች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፤ ሦስተኛው ለእኔ ሳይሆን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለሚያዩት ለአባባ ነበር። ከዚያ ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘውን የመኪናዋን ገመድ ፈትተው አወጡት። በግራሶ ጠቁሮ ሙሉ ይመስላል። ሳብ ቢያደርጉት እንደ በሰበሰ ሲባጎ ለሁለት ሆነ፣ አረንጓዴ ዱቄት እጃቸው ላይ ተራገፈ። ሽቅብ ስትቆም ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፣ ቁልቁል ስትሆን ይላቀቃል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። ባትሪውም፣ ሞተሪኖውም፣ ሰውየውም ያለ ጥፋታቸው ነው የተቀየሩት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ገመዱ ለምን ተበጠሰ ብትል፣ ሞተሩ ከተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች አንዱ ተጨፍልቆ ሞተሩ ቁልቁል በተደፋ ቁጥር ወደፊት እየሸሸ ገመዱን ይጎትተው ስለነበር ነው። ያንን ጎማ የሠራኸው አንተ ነህ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእረፍት መጥተህ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በቢላ ቆርጠህ ከሞተሩ ሥር ሸጎጥክና «ይህ አሥር ዓመት ይኖራል» ብለህ ፎቶ አስነሳኸን። ጋሽ ኢሊኬና ቁራጩን አውጥተው፣ «ይህን ማን ሠራው?» አሉ። «ሱሬን» አልኩ። ገላበጡት፣ «እጁ ጎበዝ ነው፣ ትዕግሥት ግን የለውም» ብለው ወደ ጎን አኖሩት። እኔ ሰድበውህ በሆነ ብዬ ነበር። ስላልሰደቡህ ይኸው እኔ እየሰደብኩህ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እኛን ነው፤ በእጃችን ያበላሸነውን ትተን የማይመልስ ሰው ደበደብን።

ጃግዲሽ ዘንድ የተቀባውን ሞተሪኖ ይዤ ብሄድ፣ «ታዲያ መኪናሽ ተነስታ የለም እንዴ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ፤ ዓይኑን እንኳ አላሸም። ቪጃይ ደግሞ በየቤቱ እየዞረ ከባቡር እንዳዳነኝ ያወራል። ባለፈው ሳምንት ሻይ ለመጠጣት ሲመጣ ስኒውን ከፊቱ አነሳሁት። አሁን መኪናዋን የምነዳው እኔ ነኝ። የከባድ መኪናውን ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ፤ ሰልፉ ላይ ያሉት አፈኞች የሚሉኝን ብትሰማ ትስቃለህ። ጋሽ ኢሊኬናን ተመለሱልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው። ሁለቴም፣ «መኪናዋ ድናለች» ብቻ ነው ያሉኝ።

አንተ ደግሞ ከእንግዲህ እዚህ ማን ይንዳ ማን ይውጣ የሚለውን ከብሪዝበን ሆነህ አትፍረድ። ለጋሽ ኢሊኬናም በገዛ እጅህ ጻፍላቸው። ገንዘብ አትላክ፣ መልሰው ይልኩልሃል። ስልክም አትደውል። ቁጭ ብለህ፣ ደክመህ ጻፍ።

አባባ ከታመሙ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢማቸውን የሚላጩዋቸው ጋሽ ኢሊኬና እንደነበሩ ነግሬህ አላውቅም ይሆናል። እሳቸውን ካባረርኩ በኋላ አባባ ለማንም ፊታቸውን አልሰጡም፤ ምላጭ ይዤ ስቀርብ በግራ እጃቸው ይገፉኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ጢማቸው አድጎ መነኩሴ መሰሉ። መኪናዋ በዳነች በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሽ ኢሊኬና ምላጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በእግራቸው መጡ። ማንጎው ሥር የቆመችውን መኪና ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። አባባን አጥበው፣ አለስልሰው ላጩዋቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግማሹን በእኛ፣ ግማሹን በሳቸው ቋንቋ ሲሳሳቁ ሰማሁ፤ አባባ እንደዚያ ሲስቁ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ሻይ ይዤ ስወጣ ልቤ ሞቆ ነበር። ጋሽ ኢሊኬና ከወንበራቸው ብድግ አሉና ስኒውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት። እርስዎ ባይደክሙ ምን ነበር» አሉኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ልጄ፣ አንቺ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን እርስዎ ይሉኛል፣ ጋሼ። በየቅዳሜው ይመጣሉ፣ በየቅዳሜው ብድግ ብለው እርስዎ ይሉኛል።

ሪታን በእኔ ስም አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን አክስትሽ ከባድ መኪና ትነዳለች በላት። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። አባባ ጻፍ ብለውሃል፤ ለማን እንደሆነ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ማሄንድራ ጤና ይስጥልኝ ይልሃል።

ታናሽ እህትህ ኡርሚላ

ቡሊሌካ፣ ላምባሳ
ኦክቶበር 9 ቀን 2011